ከጅቡቲ የመጣ የሎብስተር ጭራ ደሴ ላይ እንዴት ይብሰል?

የሹፌር እህት (ደሴ)

ሰላም ጀማዓ። ምክር ፈልጌ ነው።

ወንድሜ ከባድ መኪና ይነዳል። ጅቡቲ ይጭንና በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያራግፋል። ባለፈው ሳምንት ሲመጣ በበረዶ ሣጥን 6 የሎብስተር ጭራ ይዞልኝ መጣ። ያንን ሁሉ የአፋር ሙቀት አልፎ ድንጋይ እንደሆነ ነው የደረሰው። «የአንቺ እጅ ይጣፍጣል፣ ሠርተሽ አብይኝ» አለኝ።

እኔ ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ቅርፊቱ እንደ ቀንድ ጠንካራ ነው። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነው፣ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። በሆዱ በኩል ግን ስስ ላስቲክ የመሰለ ሽፋን ነው ያለው።

ሁለቱን ትናንት ሠራሁ። የማውቀውን ነው ያደረግኩት። ፈልቅቄ ሥጋውን ቆራረጥኩ። ሽንኩርት አቁላላሁ፣ በርበሬ ጨመርኩ፣ እንደ ዶሮ ወጥ አንተከተክኩት። አንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ ቆየ። ቁሌቱ ደህና ነበር። ሥጋው ግን ጎማ ሆነ። ወንድሜ አኘከ፣ አኘከ፣ በመጨረሻ ዋጠው። «ግሩም ነው» አለኝ። እንዳልሆነ ከፊቱ አየሁት። ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ጠብቆ ያመጣውን አበላሸሁበት ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

4 ቀርተዋል፣ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። እሑድ ወደ ጅቡቲ ከመውረዱ በፊት ምሳ ላበላው ነው። እናቴም ትመጣለች፣ ጎረቤቶችም ጠርቻለሁ። ኦቨን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ። መብራቱ ግን አያስተማምንም። ከሰልም አለ። ሠርታችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ኩሽና ኮምቦልቻ

አይዞሽ እህቴ። ያጠፋሽው ቅመሙ ላይ አይደለም፣ ሰዓቱ ላይ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። እዚያ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ሎብስተርን ቶሎ ከእሳት ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ጥሩ ወጥ ማለት ጊዜ ወስዶ የበሰለ ወጥ ነው። የበሬ ሥጋ ጅማት አለው፣ ሀበሻ ዶሮም ጠንካራ ነው። በቆየ እሳት ጅማቱ ይቀልጥና ሥጋው ይለሰልሳል። የሎብስተር ጭራ እንዲህ አይደለም። እንደዚያ የሚቀልጥ ብዙ ጅማት የለውም። እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ይኮማተራል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ይጠነክራል። መሐሉ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው እያንዳንዱ ደቂቃ ወደ ጎማ የሚወስድ ነው።

ነጠብጣቡን ስትነግሪን ዓይነቱን አወቅኩት። የቀይ ባሕር ሎብስተር ነው። የሞቃት ባሕር ሎብስተር እንደ ሰሜን አሜሪካው ትልቅ መቆንጠጫ የለውም። ረዣዥም እሾሃማ አንቴና ነው ያለው። ዋናው ሥጋ ጭራው ላይ ስለሆነ ጭራው ተቆርጦ ይሸጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ከፍሪዘር አውጪና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሥሩ ሰሃን አድርጊ። እሑድ ጠዋት በደንብ ይቀልጣል። ከረሳሽ ደግሞ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጥብቅ አድርገሽ ቋጥሪና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሪ። አንድ ሰዓት ግድም ይበቃዋል። ሙቅ ውሃ አታፍሺበት። ላዩ መብሰል ይጀምርና መሐሉ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።

ቀጥሎ ቅርፊቱን መክፈት ነው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ በፎጣ ያዢው። ጀርባውን ወደ ላይ አድርገሽ በጠንካራ መቀስ ቅርፊቱን መሐል ለመሐል ሰንጥቂው። ጫፉ ላይ ያለችው ማራገቢያ የምትመስል ክፍል ጋ ስትደርሺ አቁሚ። ሁለቱን ጎን በአውራ ጣትሽ ገፋ ገፋ አድርገሽ ክፈቺ። ጣትሽን በቅርፊቱና በሥጋው መሐል አስገብተሽ ሥጋውን ከሥሩ አላቂው። ጫፉ ግን እንደተያያዘ ይቅር። ከዚያ ሥጋውን ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ አውጪና ቅርፊቱ ላይ አስተኚው። መሐሉ ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ካየሽ አንጀቱ ነው፣ በቢላ ጫፍ ስበሽ ጣዪው። አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው።

እኔ ብሆን በእንፋሎት ነው የምሠራው። መብራት ቢጠፋም በከሰል ይሆናል። ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውሃ አድርጊ፣ ጨው ጨምሪበት። የብረት ወንፊት ላዩ ላይ አስቀምጪ፣ ውሃው እንዳይነካው። በደንብ ሲፈላ ጭራዎቹን ደርድሪና ክደኚ። 150 ግራም ለሚመዝን ጭራ ኮምቦልቻ ላይ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ ከሆነ ገና ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ በሹካ ስትነኪው ጠበቅ ካለ ደርሷል። እዚያው አውጪው። ራሱ በያዘው ሙቀት ሁለት ደቂቃ ያህል መብሰሉን ይቀጥላል።


የሹፌር እህት (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከአራቱ አንዱ ቅርፊቱ ዳር ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር አለው። ተበላሽቷል ማለት ነው?


ኩሽና ኮምቦልቻ

ጥቁር ነጠብጣብ ብቻውን መበላሸት አይደለም። አፕል ተቆርጦ ሲቀመጥ እንደሚጠቁረው ዓይነት ነገር ነው። ከተያዘ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ትንሽ መቆየቱን ግን ይናገራል። ስለዚህ ሲቀልጥ አሽትቺው። የባሕር፣ የጨው ሽታ ደህና ነው። አፍንጫ የሚወጋ የአሞንያ ሽታ ካለው ጣዪው። በጣትሽ ስትጫኚው እንደ ገንፎ ከላላም ጣዪው። አንዱን ማዳን ብለሽ ሰው አታሳምሚ።


መምህር ከደሴ

ኩሽና ኮምቦልቻ «ኮምቦልቻ ላይ» ብሎ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። እህታችን ያለችው ደሴ ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቀደም ብሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ 94 አካባቢ ነው። ደሴ 92 ቢሆን ነው። ባቄላ ደሴ ላይ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን በልምድ ያውቁታል።

እንፋሎቱም እንደ ውሃው ነው፣ ከ92 አይበልጥም። እሳቱን ብታበዢው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ለሎብስተር ይህ ችግር አይደለም። የምንፈልገው መሐሉ 60 እንዲደርስ ነው፣ 92 ይበቃል። ጊዜው ብቻ ትንሽ ይረዝማል። ኩሽና ኮምቦልቻ ካለው ላይ አንድ ደቂቃ ጨምሪና ተመልከቺው። ክዳኑን ደጋግመሽ አትክፈቺ፣ እንፋሎቱ ይወጣል።

አንድ ሌላ ነገር። ቅርፊቱ ቀይ ሲሆን በሰለ ብለሽ እንዳትታለዪ። ቀዩ ቀለም ድሮም ውስጡ አለ። አስታዛንቲን ይባላል፣ ፍላሚንጎን ሮዝ የሚያደርገው ቀለም ዘመድ ነው። በሕይወት ሳለ ፕሮቲን አስሮት ስለሚይዘው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሙቀት ሲያገኘው ፕሮቲኑ ይፈታና ቀዩ ብቅ ይላል። ይህ የሚሆነው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ቅርፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሥጋው ጥሬ ሊሆን ይችላል። ሥጋውን እዪ።


ከጂዳ የተመለስኩ (ወልዲያ)

እኔ ጂዳ ሰው ቤት ስሠራ በሳምንት አንዴ እሠራው ነበር። የቀይ ባሕር ሎብስተር ነው፣ ያው የወንድምሽ ዓይነት።

መብራት ካለ በኦቨን ሞክሪው። የላይኛውን ግሪል ብቻ አብሪና በደንብ ይጋል። ልክ ኩሽና ኮምቦልቻ እንዳለሽ ሥጋውን ከላይ አስተኚ። የቀለጠ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ጨው ቀቢው። ከግሪሉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጊ። ለ150 ግራም 8 ደቂቃ አካባቢ ነው። ላዩ ወርቃማ ይሆናል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ለኦቨን ደግሞ የደሴ ከፍታ እምብዛም አያሳስብም፣ በሚፈላ ውሃ አይደለምና የሚሠራው።

መብራት ከሌለ ከሰል ላይም ይሆናል። ለከሰል ግን ጭራውን ርዝመቱን ሙሉ ለሁለት ክፈይው። ሥጋውን ዘይት ቀብተሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ወደ እሳቱ አድርጊ። ከዚያ ገልብጠሽ በቅርፊቱ በኩል አስቀምጪና በላዩ ቅቤ ጣል እያደረግሽ ጨርሺው። ቅርፊቱ ድስት ይሆንለታል።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ለምግብ የምታነጥሪውን ቅመም የገባበት ቅቤ እንዳታደርጊበት። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ እርዱ ሁሉ ገብቶበት የሎብስተሩ ጣፋጭነት ይጠፋል። ለጋውን ቅቤ በለሆሳስ እሳት አቅልጪ። አረፋውን ግፈፊ። ከሥር የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ትተሽ ጥርት ያለውን ብቻ ቅጂ። ዝቃጩ ነው ግሪል ላይ የሚያርረው። ሎሚ ጭመቂበት፣ በቃ።


የገራዶ እናት

ልጆቼ፣ በቅቤ ጉዳይ እኔም ልናገር። ከጂዳ የተመለስሽው ልጄ ልክ ነሽ፣ ሙሉ ቅመም ይከብደዋል። ግን ኮሰረት አትከልክይ። ለጋ ቅቤ ሲነጠር አንዲት እፍኝ የማትሞላ የደረቀ ኮሰረት ብቻ ጣል አድርጊና አጥሊው። ዓሣም ሆነ ሌላ ነገር ሽታውን ይወስድለታል፣ ጣዕሙን አይሸፍንም። አብሽ የለ፣ ሽንኩርት የለ። ኮሰረት ብቻ።

ሌላው ደግሞ የማዕዱ ነገር ነው። የሹፌር እህት፣ ጎረቤት ጠርቻለሁ ብለሻል። ሁሉም ይበሉታል ወይ? እኛ ወሎዎች አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረን ነው የምንኖረው። አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሸሪዓ አረዳድ መንገድ) የባሕር እንስሳ ሐላል ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ግን የሚበላው ዓሣ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሙስሊም ጎረቤትሽም «እኔ ይቅርብኝ» ሊልሽ ይችላል። ሰሃን ከቀረበ በኋላ እንዲህ ማለት ለእንግዳ ይከብዳል። ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።


የሹፌር እህት (ደሴ)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ይኼን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

አሁን እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። እሷ ኦርቶዶክስ ናት። «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም» አለችኝ። «እማዬ፣ ቅርፊት እኮ አለው፣ ያውም እንደ ድንጋይ» አልኳት። «መጽሐፉ የሚለው የዓሣውን ቅርፊት ነው፣ ክንፉስ የታል?» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ ልጆቹ ይብሉ፣ እኔ ይቅርብኝ አሉ። ስለዚህ ሁለት ሰው ሌላ ምግብ ይፈልጋል። ዶሮ ልሥራ ወይስ?


የሐይቅ ልጅ

እናትሽ ልክ ናቸው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያለው ነው። «ቅርፊት» የሚለው አማርኛችን ለሁለቱም ስለሚሆን ነው የሚያምታታው።

ዶሮ ለምን? እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፣ ጠዋት የወጣ ዓሣ ምሳ ሳይደርስ ቤትሽ ይገባል። ቆሮሶ ግዢ። ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ለእናትሽም ለጎረቤትሽም ይሆናል። አምባዛ እንዳትገዢ። ሥጋው ብዙ ነው፣ ግን ቅርፊት ስለሌለው እሱንም የማይበሉ ብዙ ናቸው።

ስትገዢ ስንጥቡን ገልጠሽ እዪው። ደማቅ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው። ቡናማ ከሆነ ተዪው። ዓይኑ ጎበጥ ብሎ ጥርት ያለ ይሁን። ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ራሱ በቢላ ጀርባ ፋቂው። ጎንና ጎኑን ሦስት ቦታ ሰንጥቀሽ ጨውና ሎሚ አሺው። ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽ በጋለ ዘይት ጥበሺው። ዓሣው ከመጥበሻው ራሱ እስኪለቅ አትገልብጪው። የሐይቅ ዓሣ እንዲህ ሲጠበስ ከየትኛውም የባሕር ነገር አያንስም። ይህን የምለው የሀገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ የዛሬ ዓሣና የሳምንት በረዶ እኩል አይሆንም።


ነርስ ነኝ (ደሴ)

እህቴ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኝ ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ ሎብስተር፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን በልቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እነዚህ ለአንዳንድ ሰው ከባድ አለርጂ ያስነሳሉ። ትሮፖሚዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው ዋናው ምክንያት። ስለበሰለ አይጠፋም። አስም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሲነሳ ይበረታል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው፣ በተለይ የጎረቤት ልጆች፣ አውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቁራሽ ይጀምሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። አፍ ሲያሳክክ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ሲወጣ፣ ከንፈር ወይም ዓይን ሲያብጥ ወዲያው መብላት ይቁም። ድምፅ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውዬው ከተዝለፈለፈ ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቆሮሶውንም በሌላ ዘይት፣ በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ቢላ ሥሪው። ይህ ለአለርጂም ነው፣ ለእናትሽ ልብም ነው።


የሹፌር እህት (ደሴ)

እሺ፣ ሁሉንም ጽፌ ያዝኩ። ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ። የጎረቤት ልጆችን እናትም አነጋግሬያለሁ፣ አስም ያለበት የለም። እሑድ ማታ መጥቼ እነግራችኋለሁ።


የሹፌር እህት (ደሴ)

እሑድ ማታ ነው። ቃሌን ልጠብቅ።

ሰፈር ያለው ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዘንኳቸው። 180፣ 170፣ 165 እና 150 ግራም። ያ ጥቁር ነገር የነበረበት ሲቀልጥ ሽታው ደህና ነበር። በጣቴ ጫን ብለው ተመለሰ። ስለዚህ አስገባሁት።

ሐሳቤ ሁለቱን በኦቨን፣ ሁለቱን በእንፋሎት ነበር። 5 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከሰል አያያዝኩና አራቱንም በእንፋሎት አደረግኩ።

መቀሱ አስቸግሮኝ ነበር። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ማራገቢያውን ያዘልኝ። ቅርፊቱ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ተሰነጠቀ። ሥጋውን ሳወጣው ከውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ እንደ ጭጋግ። ጥቁሩ ክር በሁለቱ ላይ ነበረ፣ አንዴ ሲሳብ ሙሉውን መጣ።

ውሃው ሲንፈቀፈቅ ደረደርኳቸው። ክዳኑ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩ፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ። በ8ኛው ደቂቃ ከፈትኩ። መምህር እንዳሉት ቅርፊቱ ቀልቶ ቀልቶ ዓይን ይወጋል። እኔ ብቻዬን ብሆን በሰለ ብዬ አወጣው ነበር። የትልቁን ወፍራም ቦታ በሹካ ገለጥ አድርጌ ሳይ ግን መሐሉ ገና ግራጫ ነው። ትንሿን አወጣሁ። ሁለቱን በ9ኛው ደቂቃ። ትልቁን በ10ኛው። ሁለት ደቂቃ አሳረፍኳቸው።

ቅቤውን በሁለት ጣሳ አድርጌ ነበር ያቀረብኩት። አንዱ የጂዳዋ እህቴ ያለችው ጥርት ያለ፣ ሎሚ የገባበት። አንዱ እማማ ያሉት በኮሰረት የተነጠረ። ልጆቹ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ቀምሰው ጠበቁ፣ ምንም አልሆኑም። እነሱ የሎሚውን ወደዱት። እኔና ወንድሜ ግን የኮሰረቱን ጣሳ ዳቦ እየነከርን አደረቅነው። የጂዳዋ እህቴ አትቀየሚኝ፣ በእውነት ኮሰረቱ ይሄዳል።

እናቴ ቆሮሶዋን ከጎረቤታችን ጋር በአንድ ሰሃን በሉ። ዓሣው ጠዋት ከሐይቅ በታክሲ ነው የመጣው። የእሳቸውን አጥንት እሷ እየለቀመች ነበር፣ ዓይናቸው ደከም ስላለ።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያኝክ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ሁለቴ አኘከና ቆመ። «ይኼ ያ ነው?» አለኝ። ያ ነው አልኩት። ከዚያ አላወራም፣ እስኪጨርስ ቀና አላለም።


ከጂዳ የተመለስኩ (ወልዲያ)

ለምን እቀየማለሁ! የኮሰረቱን እኔም እሞክረዋለሁ። እንኳን ደስ አለሽ።


የገራዶ እናት

ተባረኪ ልጄ። እጅሽ አይንጠፍ።


ኩሽና ኮምቦልቻ

ደስ ብሎኛል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ለደሴ ልክ ነው፣ እኔም ጻፍኩት። ቅርፊቶቹን ጣልሻቸው?


የሹፌር እህት (ደሴ)

አልጣልኩም፣ ታጥበው ፍሪጅ ውስጥ ናቸው። ለምን ይሆናሉ?


ኩሽና ኮምቦልቻ

በዘነዘና ሰባብሪያቸው። ድስት ውስጥ በትንሽ ዘይት አምሺያቸው፣ ሽታው እስኪነሳ። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ አንድ ቲማቲም ጨምሪ። ውሃ አፍሺና በቀስታ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ በላይ አታቆይው፣ ይመርራል። በስስ ወንፊት አጥሊው፣ የቅርፊት ስብርባሪ እንዳይቀር። በዚያ መረቅ ሩዝ ብትሠሪ ሌላ ነገር ነው። ለእናትሽ ግን አይሆንም፣ ይኼንንም እንዳትረሺ።


የሹፌር እህት (ደሴ)

ሠራሁት፣ አሁን እሳት ላይ ነው። ቤቱ ባሕር ባሕር ይላል።

ወንድሜም አሁን ሚሌ ደርሶ ደወለ። «በሚቀጥለው ስንት ላምጣ?» አለኝ። 8 አልኩት።


ኩሽና ኮምቦልቻ

8 ከሆነ እንዲህ በይው። እያንዳንዱን ለብቻው በፌስታል ያስጠቅልለው። በረዶው ከላይም ከታችም ይሁን። የሣጥኑ ውሃ ማፍሰሻ ክፍት ይሁን፣ በረዶ ቀልጦ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ከተኙ ጣዕማቸው ይወጣል። ሚሌ ላይ ሲያርፍ ሣጥኑን ጥላ ሥር ያድርገው፣ ክዳኑን ግን አይክፈተው። በረዶ መጨመር ካስፈለገ ባቲ ደርሶ ነው፣ እዚያ አየሩ ይቀዘቅዛል።